«ዎንት» ለምን «ዊልንት» አልሆነም? የጥንት እንግሊዝኛ ቃላትና ያጠሩ ቅርጾች ከየት እንደመጡ

#1 ጥንተ_ነገር
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ረጅም ቃል ብዙም አያስቸግረውም፤ መዝገበ ቃላት ይፈታለታል። የሚያንገላታው አጭሩ ነው፦ «ቲዝ»፣ «ዎንት»፣ «ኤም»፣ «ሻንት»፣ «ኤይንት»። ሁሉም ላይ አፖስትሮፍ የምትባለዋ ትንሽ ጭረት ተሰቅላለች። ጭረቷ «እዚህ አንድ ነገር ወድቋል» ትላለች እንጂ የወደቀው ምን እንደሆነ አትናገርም። ብዙ ሰው የወደቀውን ከዛሬው እንግሊዝኛ ገምቶ ይሞላዋል፤ ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል።

ለመነሻ አንድ ጥያቄ ላንሳ። «ካን» ከ«ኖት» ጋር ሲገጥም «ካንት» ሆነ፤ «ኢዝ» ደግሞ «ኢዝንት»። በዚህ ሂሳብ «ዊል» ከ«ኖት» ጋር «ዊልንት» መሆን ነበረበት። «ዎንት» ውስጥ ያለው «ኦ» ከየት መጣ? ዘመን የምትጠቅሱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጉት።

#2 ሥርወ_ቃል
«ዎንት» ከ«ዊል» አልተወለደም። ግሱ በጥንታዊው እንግሊዝኛ (ከ1100 ገደማ በፊት በነበረው) «ዊላን» ይባል ነበር፤ የአሁን ጊዜው «ዊለ»፣ የኃላፊ ጊዜው «ዎልደ»። በመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን፣ በግምት ከ1100 እስከ 1500 ባለው ጊዜ፣ የኃላፊው «ኦ» ወደ አሁን ጊዜው ዘለቀና «ዊል» እና «ዎል» ጎን ለጎን ኖሩ። «ዎል ኖት» ቶሎ ቶሎ ሲባል «ል» ከ«ን» ፊት ተዋጠችና «ዎንኖት» ሆነ። ይህ ቅርጽ ታትሞ ይገኛል፤ ግምት አይደለም። ቀጥሎ የ«ኖት» አናባቢ ወደቀና «ዎንት» ቀረ። «ዎል» ራሱ ከመደበኛው ቋንቋ ጠፋ፣ አሉታዊ ልጁ ግን ተረፈ።

ማረጋገጫው ሰሜን ነው። በስኮትላንድ «ዊና» ይላሉ። እዚያ አሉታው የተሠራው ከ«ዊል» ስለሆነ «ኢ»ዋ በቦታዋ አለች።

«ሻንት»ም «ል» ጠፍቶበታል፤ «ሻል ኖት» ነበር። ሁለት ቦታ ፊደል ስለወደቀ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሁለት ጭረት የሚያደርጉበት ጸሐፊዎች ነበሩ፤ አንዷ ለ«ል»፣ አንዷ ለ«ኦ»። እንዲህ ተጽፎ ስታገኙት የማተሚያ ግድፈት ነው ብላችሁ እንዳታርሙት።

#3 ገጽ_አራሚ
ጥሩ። «ኤይንት»ስ? እሱ ያልተማረ ሰው እንግሊዝኛ ነው፣ ምንጭም የለው ይባላል።

#4 ሥርወ_ቃል
ምንጩ አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው ምንጭ የለውም የሚባለው። የመጀመሪያው «አም ኖት» ነው፤ «አምንት» ሆነ፣ ከዚያ «ም» በ«ን» ተዋጠችና «ኣንት» ቀረ። ሁለተኛው «ኣር ኖት» ነው፤ በደቡብ እንግሊዝ «ር» ከተናባቢ በፊት ስትጠፋ እሱም «ኣንት» ሆነ። «ኣንት» በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተውኔት ጽሑፎች ውስጥ ይታያል፤ «ኤይንት» የሚለው አጻጻፍ ደግሞ በ18ኛው መጣ። በሌላ መንገድ «ሃቭ ኖት» እና «ሃዝ ኖት» «ሄይንት» ሆኑ፤ «ህ» ስትወድቅ እነሱም እዚያው «ኤይንት» ላይ ደረሱ።

ስለዚህ ለተርጓሚ ሁለት ቃል ነው። ቀጥሎ ስም፣ ቅጽል ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ካለ «አይደለም» ነው። ቀጥሎ እንደ «ዳን» እና «ጎን» ያለ የተፈጸመ ግስ ካለ የ«ሃቭ» ወገን ነው፤ «አላደረገም»፣ «አልሄደም» ተብሎ ይመለሳል። «ኤይንት ጎት» ከሆነ «የለውም»። ይህን ያልለየ ሰው «ገንዘብ የለውም» የሚለውን «ገንዘብ አይደለም» አድርጎት ያርፋል።

ያልተማረ ሰው ቃል መባሉ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች ውግዘት ውጤት ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተማረና የተከበረ እንግሊዛዊ በንግግሩ ይለው ነበር። እንዲያውም ዛሬ ትክክል የሚባለው «ኣርንት አይ» የዚሁ «ኣንት» ሌላ አጻጻፍ ነው። «ር» በማይነበብበት አካባቢ ሁለቱ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሰዎች በ«ር» ጻፉት። «አምንት» ደግሞ በስኮትላንድና በአየርላንድ ዛሬም በሕይወት አለ።

#5 ድምፀ_ልሳን
አንድ እርከን ወደ ታች እንውረድ። ሁላችሁም «ኖት»ን ሙሉ ቃል አድርጋችሁ ነው የያዛችሁት። እሱ ራሱ ያጠረ ነው!

በጥንታዊው እንግሊዝኛ አሉታ የሚደረገው ከግሱ በፊት «ኔ» በማስገባት ነበር። ለማጠንከር ከግሱ በኋላ «ናዊህት» ይጨመር ጀመር። «ናዊህት» ሦስት ቁራጭ ነው፦ «ኔ» (አይ-)፣ «ኣ» (መቼም)፣ «ዊህት» (ነገር፣ ፍጥረት)። ሲጠቃለል «ምንም ነገር» ማለት ነው። «ናዊህት» «ኖውት» ሆነ፣ «ኖውት» «ኖት» ሆነ፣ «ኖት» ደግሞ ከግስ ጋር ሲጣበቅ «ንት» ብቻ ቀረ። «ዎንት» መጨረሻ ላይ ያለችው «ንት» የሦስት ቃል ቅሪት ናት።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የእኛ አሉታ ሁለት ጫፍ አለው፦ «አልሄደም» ስንል ፊት «አል»፣ ኋላ «ም»። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛም ፊት «ኔ»፣ ኋላ «ኖውት» እያለ ግሱን በሁለት ወገን ይይዘው ነበር። እኛ ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ስንገባ የኋላውን እንጥላለን፤ «ካልሄደ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን የፊቱን ጣለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን «ኔ» ከግስ ፊት ጠፍታ ሥራው ሁሉ በኋለኛው ላይ ወደቀ።

«ኔ» ግን ሳትቀበር ያለችባቸው ቃላት አሉ። «ነን» ማለት «ኔ» እና «ኣን» (አንድ) ነው። «ኔቨር» «ኔ» እና «ኤቨር» ነው። «ዊሊ ኒሊ» በሚለው ውስጥ ያለው «ኒል» ደግሞ «ኔ ዊል» ነው፤ «ቢወድም ባይወድም» ማለት። እነዚህ ላይ ማንም ጭረት አያደርግም። ማጠሩ አፖስትሮፍ እንግሊዝ አገር ከመድረሷ በፊት ስላለቀ ነው፤ ጭረቷ ከአህጉሩ የገባችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

#6 ጥንተ_ነገር
@ድምፀ_ልሳን እግዜር ይስጥልኝ፤ «ካልሄደ» የሚለው ማነጻጸሪያ ነገሩን አበራው። «ኤም»ን ታክልልናለህ? «ዘም» ከሚለው «ዝ» ወድቃ ነው ብሎ የሚያስተምረው ሰው ብዙ ነው።

#7 ድምፀ_ልሳን
አልወደቀችም፤ በመጀመሪያም አልነበረችም። የጥንታዊው እንግሊዝኛ ተውላጠ ስም «ሄኦም» ነበር፣ ኋላ «ሄም»። «ዘይ» እና «ዘም» የመጡት ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ ነው፤ መጀመሪያ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ተተከሉ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ወረዱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አልወረዱም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ ይጽፍ የነበረው ገጣሚው ቾሰር ባለቤቱን «ዘይ» ይላል፤ ተሳቢውን ግን ገና «ሄም» ይለዋል። «ዘም» መደበኛ ከሆነ በኋላም «ሄም» በፈጣን ንግግር ቀጠለ፣ «ህ»ዋ ጠፋችና «ኤም» ሆነ። የወደቀችው «ህ» ናት። ጭረቷን ያደረገው ሰው «ዘም»ን እያሰበ ነው፤ ጭረቷ ትክክለኛ ቦታ ላይ ናት፣ ምክንያቷ ግን የተሳሳተ ነው።

«ኢት»ም ቀድሞ «ሂት» ነበር። በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች አረጋውያን ቃሉን ሲያጠብቁ «ሂት» ይላሉ። ስሕተት አይደለም፤ የቆየ ነው።

#8 ገጽ_አራሚ
አፓላቺያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የ1600 እንግሊዝኛ ይነገራል የሚባለውስ?

#9 ድምፀ_ልሳን
አይነገርም። ሁሉም አነጋገር አንዳንዱን ያቆያል፣ አንዳንዱን ይለውጣል። እዚያ የቆዩት «ሂት» እና «ኣ ሀንቲንግ» የመሳሰሉት ናቸው። የ«ኣ ሀንቲንግ» «ኣ» የጥንቱ «ኦን» ቅሪት ናት፤ «በአደን ላይ» ማለት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ድምፅና ሰዋስው ባለፉት 400 ዓመታት እንደማንኛውም ቋንቋ ተለውጧል።

#10 የኅትመት_ሰው
ጭረቷን ካነሳን ፊደሉንም እናንሳ። በመጠጥ ቤትና በቅርስ ሱቅ ደጃፍ «ዪ ኦልድ» ተብሎ ይጻፋል። «ዪ» የሚባል መስተአምር (እንደ «ዘ» እና «ኣን» ከስም ፊት የሚገባ ቃል) በእንግሊዝኛ ኖሮ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ «ቶርን» የምትባል ፊደል ነበረችው፤ ሩን ከሚባሉት የሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ፊደላት የተወሰደች፣ ዛሬ በቲና በኤች ጥንድ የሚጻፈውን ድምፅ የምትወክል። አይስላንዶች እስካሁን ይጽፉባታል። በእጅ ጽሑፍ ውስጥ የቶርን አናት እየተከፈተ ሄዶ ከዋይ ጋር ተመሳሰለች። ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ሲተክል የእርሳስ ፊደሉ የዝቅተኛ አገሮች (የዛሬዎቹ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ) ሥሪት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ቶርን የለችም። አታሚዎች ቦታ ሲጠብባቸው ዋይን አስቀምጠው ትንሽ ኢ ከላይ ይደርቡባት ነበር። አንባቢው ግን «ዘ» ብሎ ነበር የሚያነበው። በዋይ ላይ ትንሽ ቲ ከተደረበች ደግሞ «ዛት» ነው።

ተርጓሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ገጽ ላይ እውነተኛው «ዪ» (እናንተ) ሊኖር ይችላል። መለያው ቀላል ነው። ቀጥሎ ስም ካለ «ዘ» ነው፤ ቀጥሎ ግስ ካለ «እናንተ» ነው። በኅትመቱ ላይ ኢዋ ከፍ ብላ ከተደረበች ያለጥርጥር «ዘ» ነው።

በስኮትላንድም የዚህ ዓይነት ነገር ደርሷል። «ዮግ» የምትባለዋን ፊደል ያላገኙ አታሚዎች በዜድ ተኳት። «ሜንዚስ» ተብሎ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም በጥንቱ አነባበብ «ሚንጊስ» የሆነው ለዚህ ነው።

#11 ተርጓሚዋ
አሁን ወደ ተውላጠ ስም። አማርኛ ለዚህ ሥራ ከዛሬው እንግሊዝኛ ይበልጥ የታጠቀ ነው፤ ትጥቁን አውልቀን መሄድ የለብንም። የጥንቱ ሥርዓት ይህ ነበር፦ «ዛው» ለአንድ ሰው ባለቤት ሲሆን፣ «ዚ» ለአንድ ሰው ተሳቢ፤ «ዪ» ለብዙ ሰው ባለቤት፣ «ዩ» ለብዙ ሰው ተሳቢ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በፈረንሳይኛ ተጽእኖ የብዙው ለአንድ የተከበረ ሰው ይውል ጀመር። እኛ «አንቱ» ስንል የምናደርገው ነው።

ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ በ«ዩ» ሲያናግር ቆይቶ ድንገት ወደ «ዛው» ከዞረ፣ አማርኛው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መዞር አለበት። መዞሩ ፍቅር ነው ወይስ ስድብ የሚለውን አውዱ ይነግራችኋል። በ1603 በዊንቸስተር በዋልተር ራሌ የክህደት ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ «ዛው»ን ግስ አድርጎ «አንተ እልሃለሁ፣ አንተ ከሃዲ» ብሎታል። ለዛሬው እንግሊዛዊ ይህ ማብራሪያ የሚፈልግ ንግግር ነው። የአማርኛ አንባቢ ግን ወዲያው ገብቶት ይሸማቀቃል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲሆን ግን ሕጉ ይለያል። የ1611 የንጉሥ ጄምስ ትርጉም አክብሮትን አይመለከትም፤ ቁጥርን ብቻ ነው የሚጠብቀው። አንድ ከሆነ ንጉሥም ባሪያም እግዚአብሔርም «ዛው» ነው። ሉቃስ 22፥31-32 ላይ ጌታ ለስምዖን ሲናገር የመጀመሪያው «ዩ» ነው፣ ሁለተኛው «ዚ» ነው። የእኛው «ሊያበጥራችሁ ለመነ» እና «ስለ አንተ አማለድሁ» ብሎ ልዩነቱን ጠብቆታል። የዘመኑ እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ዩ» ስለሚል ሰይጣን የለመነው ስለ ሁሉም ደቀ መዛሙርት መሆኑ ይሰወራል። ዮሐንስ 3፥7ም እንዲሁ፦ «ዳግመኛ ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል ስላልሁህ»። «ስላልሁህ» ለኒቆዲሞስ ብቻ ነው፤ መወለዱ ግን ለሁሉም።

#12 ገጽ_አራሚ
የግሱን መጨረሻ የሚያበላሹ ብዙ ናቸው። የዱሮ ለማስመሰል ሁሉም ግስ ላይ «ኤዝ» ይለጥፋሉ።

#13 ተርጓሚዋ
አዎ፣ ያ ወዲያው ያስታውቃል። «ኤዝ» የሦስተኛ መደብ ነጠላ ብቻ ነው፦ «ሂ ሃዝ»፣ «ሺ ጎኤዝ»። (መጨረሻው በቲና በኤች የሚጻፈው ድምፅ ነው፤ በኤስ ከሚጻፈው ከዛሬው «ሃዝ» ጋር አትቀላቅሉት።) «አይ ጎኤዝ» የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም። ለ«ዛው» ደግሞ «ስት» ነው፦ «ሃስት»፣ «ዲድስት»፣ «ኖውስት»። ጥቂቶች ብቻ በ«ት» ያበቃሉ፦ «አርት»፣ «ሻልት»፣ «ዊልት»። «ዛይን» እና «ማይን» ከአናባቢ በፊት፣ «ዛይ» እና «ማይ» ከተናባቢ በፊት ይገባሉ። በደቡብ «ኤዝ»፣ በሰሜን «ስ» ነበር፤ ያሸነፈው የሰሜኑ ነው። በ1611 በመደበኛ ንግግር ውስጥ «ስ» እየተለመደ ስለነበር የንጉሥ ጄምስ ትርጉም በታተመበት ቀን ራሱ የቆየ ጠረን ነበረው።

ሌላ ወጥመድ፦ «ኢትስ» የሚለው አገናዛቢ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለግዑዝም «ሂዝ» ነበር የሚባለው። ማቴዎስ 5፥13 ላይ ጨው «ሂዝ» ጣዕሙን ቢያጣ ይላል፤ እዚያ ውስጥ ሰው የለም።

#14 ጥንተ_ነገር
«ሚቲንክስ»፣ «ፕሪዚ»፣ «ዌርፎር»። እነዚህን ማን ይይዛል?

#15 ተርጓሚዋ
ሦስቱም በአማርኛ ወንድም አላቸው።

«ሚቲንክስ»ን «እኔ አስባለሁ» ብሎ የሚፈታ ሰው ሁለት ግስ ቀላቅሏል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቴንቻን» (ማሰብ) እና «ቲንቻን» (መምሰል) የሚባሉ የተለያዩ ግሶች ነበሩት። ኋላ ድምፃቸው ተጋጠመና ሁለተኛው ጠፋ። «ሚቲንክስ» ከሁለተኛው ነው። «ሚ» ባለቤት አይደለም፤ «ለእኔ» ማለት ነው። ግሱ ሦስተኛ መደብ ስለሆነ «ስ» አለበት። «ይመስለኛል» የሚለውን ብትተነትኑት እኮ አንድ ነው፦ «ይመስል» ሦስተኛ መደብ፣ «ኝ» ለእኔ። ቃል በቃል ይገጥማል፤ ሌላ አትፈልጉለት።

«ፕሪዚ» «አይ ፕሬይ ዚ» ነው፣ «እለምንሃለሁ»። «አይ» ወድቃለች፣ «ዚ» ግን ውስጡ አለች። «እባክህ» ውስጥ «ህ» እንዳለች ማለት ነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው ወይም ለንጉሥ አይባልም፤ ከተባለም ድፍረት ነው፣ አማርኛውም ይድፈር።

«ዌርፎር» «የት» አይደለም፤ «ስለ ምን» ነው። በሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» ልጅቷ ከሰገነት ሆና የምትጠይቀው ወጣቱ የት እንዳለ ሳይሆን ስለ ምን ያን ስም እንደያዘ ነው።

#16 ሰሜነኛው
የአካባቢ አነጋገር ላይ ማንም ሳይደርስ ክሩ ሊረዝም ነው። ጥቂት ልጨምር።

ዮርክሻየርና ላንካሻየር፦ «አውት» ማለት «ማንኛውም ነገር»፣ «ናውት» ማለት «ምንም» ነው። «ናውት» ከላይ @ድምፀ_ልሳን የጠቀሰው «ናዊህት» ነው፤ መደበኛው ቋንቋ ወደ «ኖት» ሲያሳጥረው ሰሜን ሙሉ ትርጉሙን ይዞ አስቀረው። «ኖበት» «ናውት በት» ነው፣ «ብቻ» ማለት። «ሰማት» «ሰምዋት» ነው፣ «አንድ ነገር»። «ዛው» ደግሞ «ዛ» ሆኖ ዛሬም በአረጋውያን አፍ አለ። መስተአምሩ «ዘ» በጽሑፍ «ት» እና ጭረት ሆኖ ይታያል። በአፍ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ «ት» ተብሎ አይነበብም፤ ጉሮሮ ላይ ለቅጽበት የሚቆም ትንፋሽ ብቻ ነው። በቴአትር ላይ «ት»ን ጮክ ብሎ የሚላት ተዋናይ ወዲያው ይታወቅበታል።

ሶመርሴትና ዴቨን፦ ደቡብ ምዕራብ ለ«እኔ» የጥንቱን «ኢች» ረጅም ጊዜ ይዞ ቆይቷል፤ ከሶመርሴት ጥቂት መንደሮች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አልጠፋም። «ኢች» ከግስ ጋር ሲጣበቅ ፊቷ ይወድቅና «ች» ብቻ ትቀራለች፦ «ቻም» (ነኝ)፣ «ቺል» (አደርጋለሁ)። በ1600 አካባቢ ተውኔት ጸሐፊዎች ገጠሬ ገጸ ባሕርይ ሲፈልጉ ይህንን ያለብሱት ነበር፣ «ስ»ንም «ዝ» ያደርጉበታል፤ «ሰር» «ዘር» ይሆናል። «ቺል»ን በዛሬው መዝገበ ቃላት የፈለገ ሰው «ብርድ» የሚል ያገኝና ዓረፍተ ነገሩን ያበላሻል።

ብላክ ካንትሪ፣ ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ፣ ዱድሊ አካባቢ፦ ይህ ከሁሉም ይከብዳል። «ንት» ሙሉ በሙሉ ጠፍታለች። «ዴይ» ማለት «ዲድንት»፣ «ኮር» ማለት «ካንት»፣ «ኤይ» ማለት «ኤይንት» ነው። አሉታውን የተሸከመው የተለወጠው አናባቢ ብቻ ነው። የማያውቅ ሰው «አልቻልኩም» የተባለውን አዎንታ አድርጎ ይሰማዋል። ጽሑፉ ላይ ጭረት ስለሌለ ዓይንም አይረዳም።

#17 ገጽ_አራሚ
እነዚህን የት ነው የምናረጋግጠው? አካባቢ የማይጠቅስ ድረ ገጽ ሞልቷል።

#18 ሰሜነኛው
ሁለት ምሰሶዎች አሉ። አንደኛው ጆሴፍ ራይት ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ አነጋገሮች መዝገበ ቃላት ነው፤ ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ጥራዝ ወጣ። እያንዳንዱ ቃል የትኛው አውራጃ እንደሚነገር ይጠቁማል። ኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት እንዲፈለግ አድርጎታል። ራይት ራሱ የዮርክሻየር የጨርቅ ፋብሪካ ልጅ ነበር፤ ማንበብ የተማረው በጉርምስናው ነው። የመንደሩን ቃል የሚያከብረው ከልቡ ነበር።

ሁለተኛው ከሊድስ ዩኒቨርሲቲ በሃሮልድ ኦርተን መሪነት ከ1950 እስከ 1961 የተካሄደው ጥናት ነው፦ 313 ቦታ፣ ከ1,300 በላይ ጥያቄ፣ በአብዛኛው የገጠር አረጋውያን። ጠያቂው ቃሉን ራሱ አይጠራም ነበር፤ ዕቃውን አሳይቶ ወይም ገልጾ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ይላል። ቃሉን ከጠራላቸው መልሱ የጠያቂው ማሚቶ ስለሚሆን ነው። እኛም አረጋውያንን ስንጠይቅ ብንይዘው ይጠቅማል።

#19 ሥርወ_ቃል
ለማጣራት የሚረዳ አካሄድ ልጻፍ። ያጠረ ቃል ስታገኙ መጀመሪያ የጽሑፉን ዓመትና አካባቢ ያዙ። ቀጥሎ «ሙሉው ቃል ይህ ነበር» የሚለውን ግምታችሁን ጻፉና መካከለኛውን ቅርጽ ፈልጉ፤ «ዎል ኖት» እና «ዎንት» መካከል «ዎንኖት» እንዳለ ሁሉ። መካከለኛ ቅርጽ ከሌለ ግምቱን አትመኑ። ሦስተኛ፣ ያው ድምፅ በሌላ ቃልም ወድቆ እንደሆነ እዩ። የ«ል» መዋጥ «ዎንት» ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንጠረጥር ነበር፤ «ሻንት» ስላለ ተረጋጋን።

«ጉድባይ» ይህን ፈተና ያልፋል። «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ» (እግዜር ከእናንተ ጋር ይሁን) ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «ጎድብዋይ» የመሰሉ መካከለኛ ቅርጾች ተጽፈው ይገኛሉ፤ «ጎድ» ወደ «ጉድ» የዞረው «ጉድ ዴይ» ስቦት ነው። «ኒውስ» ከአራቱ የአቅጣጫ ስሞች የመጀመሪያ ፊደል ተሰበሰበ የሚለው ግን ይወድቃል፤ «ኒው» (አዲስ) በብዙ ቁጥር ነው፣ «አዲሶች»። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ከመጀመሪያ ፊደላት ቃል መሥራት እምብዛም አልነበረም። ስለ አንድ የቆየ ቃል እንዲህ ያለ ታሪክ ስትሰሙ ወዲያው ተጠራጠሩ።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት (የመጀመሪያው ክፍል በ1884፣ የመጨረሻው በ1928 ወጣ) ለእያንዳንዱ ትርጉም ዓመት ያለው ጥቅስ ይሰጣል። የመጀመሪያው ጥቅስ ዓመት ግን የቃሉ ልደት አይደለም፤ እስካሁን የተገኘው የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። በአፍ የሚነገር ያጠረ ቃል ወረቀት ላይ ከመውረዱ በፊት ብዙ ዓመት ኖሮ ሊሆን ይችላል።

#20 የኅትመት_ሰው
ጽሑፍ የሚቀየርበትን ሌላ ምክንያትም አትርሱ። በ1606 በእንግሊዝ የወጣ ሕግ መድረክ ላይ የእግዚአብሔርን ስም በዋዛ የጠራ ሰው 10 ፓውንድ ይቀጣል ይላል። «ዛውንድስ» «ጎድስ ውንድስ» (በእግዜር ቁስል) ያጠረ መሐላ ነው። ከሕጉ በኋላ በታተሙ አንዳንድ ቅጂዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ መሐላዎች ተሰርዘዋል። ስለዚህ ቃሉ በአንድ እትም ኖሮ በሌላው ከጠፋ ሳንሱር ሊሆን ይችላል፤ የእትሙን ዓመት ተመልከቱ።

የዱሮ መጻሕፍት ውስጥ በኮምፒውተር ለምትፈልጉ፦ ቪ በቃል መጀመሪያ ትጻፋለች፣ ዩ በመካከል፤ ድምፃቸው ምንም ይሁን። ስለዚህ «ላቭ» በዩ፣ «አፖን» በቪ ተጽፎ ነው የምታገኙት። ረጅሟ ኤስ ደግሞ ኤፍ ትመስላለች፤ ማሽን ያነበበው ቅጂ «ሳች»ን «ፋች» ያደርገዋል። ጭረቷም በኮምፒውተር ላይ ቀጥ ያለችና የተጠማዘዘች ሆና ሁለት የተለያየ ምልክት ናት፤ በአንዷ ፈልጋችሁ ባዶ ከመጣ በሌላዋ ሞክሩ፣ ያለ ጭረትም ሞክሩ።

#21 ገጽ_አራሚ
አንድ የመጨረሻ። «ኒክኔም»፣ «ኤፕረን»፣ «ኒውት» ላይም ፊደል ጠፍቷል ወይስ ተጨምሯል?

#22 ሥርወ_ቃል
ቦታ ነው የቀየረው። መስተአምሩ «ኣን» ሆኖ «ን»ዋ የማን እንደሆነች ጆሮ ሲስት የሚመጣ ነው። «ኣ ናፕረን» ሲባል «ኣን ኤፕረን» ተሰማ፤ «ኣ ናደር» (እፉኝት) «ኣን አደር» ሆነ። በተቃራኒው «ኣን ኤውት» «ኣ ኒውት» ሆነ፣ «ኣን ኢክኔም» ደግሞ «ኣ ኒክኔም»። «ኢክ» ማለት ጭማሪ ነው፤ «የተጨመረ ስም»። እኛ «ቅጽል ስም» የምንለው በትክክል ያው ነው።

#23 ጥንተ_ነገር
ለ1620ዎቹ ጽሑፍ ማስመሰያ «የስተርይር» የሚለውን ቃል የተጠቀመ አንድ ረቂቅ አየሁ፤ ይሄዳል?

#24 ሥርወ_ቃል
አይሄድም። «የስተርዴይ» ጥንታዊ ነው፤ «የስተርይር» ግን በ1870 ገጣሚው ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ከፈረንሳይኛ ሲተረጉም የፈጠረው ነው። በ1620ዎቹ ጽሑፍ ውስጥ ከ250 ዓመት በኋላ የመጣ ቃል ነው የሚሆነው። «ላስት ይር» በቂ ነው፤ ያኔም እንዲሁ ይሉት ነበር።